መብራት በጠፋበት ፍሪጅ የዋለ አምፑል

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተረኛ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ከጣርማ በር ቁልቁል ከወረዱ ወዲያ ያለው ቆላ በሰኔ ሌሊትም አይቀዘቅዝም።

ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ የመጣች እናት ነበረች። ስፓይናሉን፣ የጀርባውን ማደንዘዣ፣ እኔው ሰጠኋት። ሕፃኑ በቀዶ ወጣ፣ አለቀሰ። ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ግሉኮሱ ውስጥ ጨምሬ አስጀመርኩ፤ በአንዴ ከተገፋ የደም ግፊት ይጥላል። ቀዳጁ ሐኪም ማህፀኑን ጨብጦ ቀና አለ። "እንደ ሊጥ ነው፣ ጨምር።" ጨመርኩ። ሊጥ እንደሆነ ቀረ። የመምጠጫው ጠርሙስ ግን ሺህ ሚሊ ሊትር ሊሞላ ነው።

ያኔ ነው ነርሷ "መብራት እኮ ትናንት ቀኑን ሙሉ አልነበረም" ያለችኝ።

ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ያዳከመው አምፑል አይደፈርስም፣ አይሸትም፤ ያው ውሃ ነው። እርግጥ የአንድ ቀን ሙቀት ብቻውን አይገድለውም። ግን ያ ሳጥን እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት እንዲህ ያለ ቀን አሳልፏል? ደግሞም ሁለት ቀን ያማጠ ማህፀን ለጥሩውም መድኃኒት እንቢ ይላል። የቱ እንደነበር ማን ይነግረኛል?

ግፊት የሚጨምረውን ሌላ ማኮማተሪያ፣ ኤርጎሜትሪን፣ እንዳልሰጥ ግፊቷ 160 በ100 ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በመርፌ ይዤ ዓይኔን ሰዓቱ ላይ ተክዬ በ10 ደቂቃ ገፋሁት። እሱ ማህፀን አያኮማትርም፤ የረጋው ደም እንዳይሟሟ ነው የሚይዘው። ማህፀን የሚያኮማትር ክኒን፣ ሚሶፕሮስቶል፣ 4 ፍሬ ከምላሷ ሥር አደረግንላት። ቀዳጁ ሲያሸው፣ ሲያሸው፣ በመጨረሻ "ጠነከረ" አለ። እኔም ተነፈስኩ።

ክፍሏ ስትገባ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከመንዝ የመጡት አማቷ ያንን ከባድ ባና ደረቡባት።

"እማማ፣ የክኒኑ ነው፤ ትኩሳትም ያመጣል፣ ያንሱላት።"

"ልጄ፣ አራስ ስትንቀጠቀጥ ዝም ብዬ ልይ?"

ለካሁት፣ 38.4። ባናውን እስከ ጉልበቷ አወረዱት፤ ከዚያ በላይ አልተደራደሩም።

እንደ ኦክሲቶሲን ማህፀን የሚያኮማትር፣ ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል አለ፤ 30 ዲግሪ ላይ 3 ዓመት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ደም እንዳይፈስ መከላከያ እንዲሆን መክሮታል። እኛ መደርደሪያ ላይ አይቼው አላውቅም።

ፍሪጁ አሁን ያጉረመርማል። የኦክሲቶሲኑን ሳጥን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጊዜው አላለፈበትም፣ ቀለሙም ንጹሕ ነው። ጠዋት ለፋርማሲው ምን ብዬ እንደምመልሰው እያሰብኩ ነው።