የደጋኑ ጀርባ

ዛሬ ከወይራ የሠራሁትን ደጋን ጀርባ አስጌጥኩ። ጀርባ የምለው ስንስበው ወደ ዒላማው የሚዞረውን ገጽ ነው። ደጋኑ ሲሳብ የሚለጠጠው እሱ ነው። እዚያ ላይ የእንጨቱ ቃጫ ከተቆረጠ ስብራቱ ከዚያው ይጀምራል። ስለዚህ እንደ ጅማ በርጩማ መቅረጽ አይሆንም። ቀለም ይበቃል።

ቃጫውን ተከትዬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከመያዣው ከፍና ዝቅ ብዬ ጥቁርና ቀይ የሰፌድ ጥለት ሳልኩበት። ቀለሙ ሲደርቅ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀባሁት። ያኔ የወይራው ጠቆር ያሉ መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ! እንዴት ደስ እንደሚል!

አንድ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ቫርኒሽ አትቀባውም?» አሉኝ። ቫርኒሽ ሲወፍር ደጋኑ በተሳበ ቁጥር ሊሰነጣጠቅ ይችላል። እኔ ዘይትና ሰም እመርጣለሁ፤ ሰም ደግሞ በማር አገር አይጠፋም። ዘይቱ በደንብ ይድረቅና ሰሙን አስከትላለሁ።