ሳይክሎቹ መነሻው ላይ ከመሰለፋቸው በፊት

ሐዋሳ ሜዳ ናት። መንገዷ ሰፊ፣ ዛፏም ብዙ ነው። ሳይክል ተከራይቶ እየወደቀ እየተነሳ ያልተለማመደ የከተማው ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፈጣን ልጆች አላጣንም። የጎደለን ከውድድር በፊት ሳይክሎቹን ረጋ ብሎ፣ በአንድ መለኪያ፣ ሁሉም እያየ የሚፈትሽ ሰው ነው።

ለአንድ የወጣቶች ውድድር ይህን ሥራ እንድመራ ሲጠይቁኝ በደስታ ተቀበልኩ። ምድቡ ሦስት ነበር፦ ኮርስ (ቀጭን ጎማ ያለው የመንገድ ውድድር ሳይክል)፣ ማውንቴን (ወፍራም ጎማ ያለው) እና ተራ ሳይክል። እንዴት እንደሠራሁትና ምን እንደተማርኩበት ልጻፈው። በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

በደንቡ ጀመርኩ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ ዩሲአይ፣ ስለ ውድድር ሳይክል ያወጣው ደንብ ረጅም ነው። የመንገድ ውድድር ሳይክል ክብደቱ ከ6.8 ኪሎ ማነስ የለበትም። ርዝመቱ ከ185 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ ከ50 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የጎማው ዲያሜትር ከ55 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማ መያዝ አለበት። ከዚህ ሌላ ስለ ኮርቻው፣ ስለ መሪውና ስለ ፍሬም ቧንቧው ቅርጽ ብዙ ዝርዝር አለው።

ሁሉንም ወደ ሐዋሳ ማምጣት ግን ልክ አልመሰለኝም። ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል የሚያመጣ ልጅ እኛ ጋ የለም። አብዛኛው ሳይክል ከዚያ በብዙ ይከብዳል። ስለዚህ ሚዛኑን ተውኩት። ስለ ማርሽም አሰብኩ። ዩሲአይ እስከ እ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ ድረስ ለታዳጊዎች ገደብ ነበረው፤ በትልቁ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ሳይክሉ ከ7.93 ሜትር በላይ መሄድ አይችልም ነበር። መለካቱ ቀላል ነው። አስፋልት ላይ በጠመኔ ታሰምራለህ፣ ሳይክሉን ትገፋለህ፣ በሜትር ትለካለህ። ነገር ግን ገደቡ ከ2023 ጀምሮ ተነስቷል። የእኛ ልጆች ደግሞ ያገኙትን ማርሽ ነው የሚነዱት። ማርሽ ቀይሩ ብሎ ማዘዝ የቤተሰብ ኪስ መንካት ነው። እሱንም ተውኩት።

ያስቀረሁት ሁለት ዓይነት ደንብ ብቻ ነው። አንዱ ልጁንና አብረውት የሚነዱትን ከአደጋ የሚጠብቅ፣ ሁለተኛው ምድቦቹ እንዳይደባለቁ የሚያደርግ። ሁለቱንም በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፍኩና ውድድሩ ሳይደርስ፣ ምዝገባው ሲከፈት፣ በየአሠልጣኙና በየሳይክል ጠጋኙ እጅ አደረስኩ።

ቀድሜ ማድረሴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግሬም ኦብሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ሳይክሉን ራሱ ሠርቶ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ ሳይቀር ገጥሞበት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እጆቹን ደረቱ ሥር አጥፎ ነበር የሚነዳው። በቀጣዩ ዓመት ፓሌርሞ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ይህ አነዳድ ተከልክሎ ከውድድር አስወጡት። አዲሱ ደንብ የተነገረው ውድድሩ ደጃፍ ላይ ነበር። ስለ ደንቡ ይዘት የፈለግነውን ማለት እንችላለን። የተነገረበት ጊዜ ግን ሰውየውን በድሎታል። ልጅ የሚያድር የሚውልበትን ሳይክል በመነሻው ጠዋት «አይሆንም» ማለት ደንብ ማስከበር ሳይሆን ማሳዘን ነው። ይህን ከልቤ አምናለሁ።

ስለዚህ ዋናውን ፍተሻ በዋዜማው፣ ቅዳሜ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አደረግነው። የግቢው ሊሾ ደህና ነው፤ ለማንኛውም በውሃ ልክ አየሁት። አንድ አናጺ የሳይክል ጎማ የሚገባበት ቦይ ያለው የእንጨት መቆሚያ ሠራልን። እያንዳንዱ ሳይክል ያው መቆሚያ ላይ ወጣ፤ ያው ሰው በያው ሜትር ለካው። በትልልቅ ውድድሮችም ዳኞች የመለኪያ መቆሚያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ሳይክሉ ከእንዲህ ያለ ፍተሻ አያመልጥም ነበር። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ መቆሚያውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። ፍተሻ መጠርጠር ሳይሆን እንደ ተወዳዳሪ መቆጠር መሆኑ ገባቸው።

ፍሬን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሊወስድም ይገባል። አሠራሬ ይህ ነው። የፊቱን ፍሬን አጥብቄ እይዝና ሳይክሉን ወደ ፊት እገፋዋለሁ። የኋላው ጎማ ከመሬት ከተነሳ ደህና ነው። የኋላውን ስይዝ ደግሞ ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት። የፍሬን እጀታው ተጨምቆ መሪውን ከነካ ሽቦው ረዝሟል፣ ይወጠራል። ከዚያ የፍሬኑን ጎማ አያለሁ፤ ያለቀ መሆኑንና ቸርኬውን፣ ማለትም የጎማውን ብረት ክብ፣ ትቶ ላስቲኩን መንካቱን። ላስቲክ የሚነካ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ጎማ ያፈነዳል። በመጨረሻ የፊት ፍሬኑን እንደያዝኩ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እወዘውዛለሁ። አንገቱ ላይ «ቋ ቋ» የሚል ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል።

አንድ ልጅ የፊት ፍሬኑን ጨርሶ ፈትቶ መጣ። እንዲቀለው ብሎ ነው።

«ጋሼ፣ የኋላው ይበቃኛል። እስከ ቱላ መንገዱ ሜዳ አይደል እንዴ?»

«ባጃጅ ድንገት ቢገባብህስ?»

«እዞራለሁ።»

አልተከራከርኩትም። ፍጥነት ይዞ እንዲነዳና ጠመኔ ያሰመርኩበት ቦታ ሲደርስ በኋላ ፍሬን ብቻ እንዲቆም ነገርኩት። የቆመበትን ምልክት አደረግን። ከዚያ የጓደኛውን ሳይክል ሰጥቼው በሁለቱም ፍሬን እንዲሞክር አደረግኩ። ልዩነቱን ራሱ በእርምጃ ለካው። ሲቆም የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ይህን በቃል ብነግረው ይረሳው ነበር። ፍሬኑን እዚያው መልሰን ገጠምንለት።

«እዚያው ገጠምንለት» ማለት የቻልኩት አንድ ጋሼ ስለነበሩ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከእኔ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳዶ፣ ብሎን፣ የፍሬን ሽቦ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ዘርግተው ነበር። እኔ የምጽፈውን ጉድለት እሳቸው ይጠግኑታል። ያለ እሳቸው ከልጆቹ ብዙዎቹን መመለስ ግድ ይሆንብኝ ነበር። የውድድር አዘጋጅ ገንዘብ ካጠረው ከመድረክና ከባነር ላይ ቀንሶ ለጠጋኝ ቢከፍል እመርጣለሁ።

ከእሳቸው የተማርኩት ብዙ ነው። የጎማውን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን አጣምረው በእጃቸው እየጨመቁ የላላውን በስሜት ያገኙታል። ጎማውን አንስተው ያሽከረክሩና የፍሬኑን ጎማ እንደ መለኪያ ይጠቀሙበታል፤ ቸርኬው አንድ ቦታ ላይ ቀርቦ ሌላ ቦታ ከራቀ ተጣምሟል። በክር የተሰፋ ላስቲክ ካዩ ደግሞ ጎንበስ ብለው ስፌቱን ይዳስሳሉ። መሬት የሚነካው ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ከሆነ አያሳልፉም። ከመነዳሪው፣ ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ በዚያ በኩል አብጦ ይፈነዳል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ የመሪው ጫፍ። የመሪው ፕላስቲክ መድፈኛ ወድቆ ቧንቧው ክፍት ከሆነ፣ ልጁ ሲወድቅ ሆዱን ወይም ጭኑን ሊቆርጠው ይችላል። ክፍት ቧንቧ ስለት ነው። መፍትሔው የጠርሙስ ቡሽ ነው። በቢላዋ ጠርበህ ታስገባለህ፣ ላዩን በናስትሮ ትጠቀልላለህ፣ አለቀ። ተራ ሳይክል ላይ ደግሞ የኋላ እቃ መጫኛው፣ ማቆሚያ እግሩና መስታወቱ እንዲፈታ አደረግን። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ሲነዳ የሚያጠልፉት እነሱ ናቸው።

ሄልሜት ላይ ድርድር የለም። ዩሲአይ በመንገድ ውድድር አስገዳጅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2003 የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ ኒስ ውድድር ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው። ችግሩ ሄልሜት ውድ መሆኑ ነው። ከሚያውቁ ሰዎች ለምነን አንድ ከረጢት ሰበሰብን። የተሰነጠቀውን ለየን። የቀረውን በልጆቹ ራስ ልክ እያየን አደልን። ማሰሪያው አገጭ ሥር ከሁለት ጣት በላይ ማስገባት የለበትም። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ይዞ የመጣም ነበር። እሱ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው፤ ሰው ከሳይክል ሲወድቅ ጎንና ግንባርን አይጠብቅም። ከከረጢቱ ሰጠነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ማውንቴን ምድብ ላይ ደንባችን ከ1.75 ኢንች የቀጠነ ጎማ አይፈቅድም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ቀጭን ጎማ ገጥሞ በአስፋልት ላይ ሲበር፣ ሌላው የገጠር መንገድ ጎማውን ይዞ ከኋላ እየለፋ ከሆነ ምድብ ብሎ ነገር የለም። ታዲያ አንድ አሠልጣኝ ካሊፐር (ስፋት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ይዞ መጣና የሌላ ክለብ ልጅ ጎማ ሲለካ ከ1.75 ያንሳል አለ። ልጁ ደግሞ ላስቲኩ ላይ 1.75 ተጽፎ ያሳያል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያው ላስቲክ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ይጠባል፣ ሰፊ ላይ ይሰፋል፤ ንፋሱ ሲቀንስም ልኩ ይቀየራል። ዓይኔ እያየ ሲነፋ ልኩ ተለወጠ። ደንብ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ እንዴት እንደሚታወቅም መጻፍ አለበት። እኛ ላስቲኩ ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ይጸናል አልን። ካሊፐር የሌለው ወላጅም ቤቱ ሆኖ ሊያነበው ይችላል። አንዳንዱ ላስቲክ ላይ «47-559» ዓይነት ጽሑፍ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ላስቲኩ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ውሳኔውን ሁሉም ባለበት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የሁለቱን ክለብ አሠልጣኞች አስፈርሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ካሊፐር ያመጣው ሰው ደስ አላለውም፤ ግን ፈረመ። የእሱ ልጆችም በዚያው ሕግ ተለክተዋል።

የመዝገቡ አጻጻፍ ላይም አንድ ነገር ገባኝ። «ፍሬኑ አይሠራም» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። «የፊት ፍሬን ጎማ ይቀየር» ሲባል ልጁም ጠጋኙም ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። እያንዳንዱ ልጅ ያነባል፣ ይፈርማል። ማንበብ ለሚከብደው አነብለታለሁ።

ላለፈው ሳይክል ቀለም ያለው ናስትሮ ፍሬሙ ላይና ሁለቱም ቸርኬዎች ላይ አሰርን፤ ለየምድቡ ሌላ ሌላ ቀለም። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሻው ላይ ሜትር አላወጣንም። ናስትሮው አለ? ፍሬኑ ይይዛል? ሄልሜቱ ታስሯል? ይኸው ነው። ማታውን ጎማ የቀየረ ካለ ቸርኬው ላይ ያለው ናስትሮ ይናገራል።

ለሚቀጥለው የምቀይረው ነገር ከተጋሩ ሳይክሎች ጋር ይያያዛል። ወንድማማቾች ወይም ጓደኛሞች በአንድ ሳይክል በተለያየ ሰዓት ይወዳደራሉ፤ ሐዋሳ ላይ የተለመደ ነው። ሳይክሉን አንዴ ፈትሾ ማለፍ ግን አይበቃም። ረጅሙ ልጅ ሲመጣ ኮርቻውን ወደ ላይ ይስበዋል። የኮርቻው ቱቦ ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል መስመር አለ። እሱ ከታየ ቱቦው ፍሬሙ ውስጥ የቀረው ትንሽ ነው፤ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን ከእንግዲህ በሳይክል ሳይሆን በነጂው ስም አደርገዋለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ የኮርቻው ልክ ቱቦው ላይ በናስትሮ ምልክት ይደረግበታል። ሁለተኛው ነጂ ከመነሳቱ በፊት ወደ ጋሼ በርጩማ ተመልሶ ኮርቻውን ያስጠብቃል።