ወረቀቱ፣ ዋሱና ቀነ ገደቡ፦ በሰሜን ሸዋ ሥራ ለምትፈልጉ

በአገራችን ከሥራ የወጣ ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የሚከፈለው አበል የለም። ደመወዙ የቆመ ዕለት ኑሮው ቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከመሐል ሜዳ ወይም ከአረርቲ ደብረ ብርሃን ድረስ ለአንድ ምዝገባ የሚወጣው የመኪና ገንዘብ ከእናት መቀነት ወይም ከወንድም ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ አንድ ማስረጃ ጎድሎ ሲባክን ማየት ያንገበግባል። ሥራ ሲጠብ ብዙ ሰው የሚቀረው ፈተና ወድቆ ሳይሆን ከፈተናው በፊት፣ በወረቀት፣ በዋስና በቀን ምክንያት ነው። የክፍት ቦታውን ቁጥር መጨመር አንችልም፤ እነዚህን ሦስቱን ግን ማስተካከል እንችላለን።

የጠበበበት ምክንያት የሚታወቅ ነው። ከታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ስትወጣ፣ ልብስ ሰፍተው ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይልኩ የነበሩ ፋብሪካዎች ገበያቸው ተዘጋ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ከውጭ የሚያስገባ ሁሉ ወጪው ናረ። በዚህ ላይ የመንገዱ መከፈትና መዘጋት አለ። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ ወይም ቅጥር ሲያቆሙ ችግሩ የሠራተኛው ስንፍና አይደለም። ወላጆች ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። «የእገሌ ልጅ አገኘ፣ አንተስ?» የሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

በቅርቡ ከሥራ በወጡት ልጀምር፤ ብዙዎቹ የሚገባቸውን ሳይወስዱ ሌላ ፍለጋ ይሄዳሉና። «ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ፣ እንጠራችኋለን» ተብላችሁ ከሆነ፣ ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥርዓት አለው። አሠሪው በገንዘብ ችግር ሥራ ሲያቆም ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እግዱም ከ90 ቀን አይበልጥም። ስለዚህ የእግዱን ደብዳቤ በቀንና በማኅተም ጠይቁ። በቃል ብቻ የተላከ ሠራተኛ በኋላ «ራሱ ነው ከሥራ የቀረው» ሲባል የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

ቅነሳ ከሆነ ደግሞ፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሥራ ስንብቱን ክፍያ እንዲህ አስሉት። በወር 4,500 ብር ይከፈላት የነበረች፣ 3 ዓመት የሠራች አንዲት ኦፕሬተር ብንወስድ የቀን ደመወዟ በ30 ሲካፈል 150 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 4,500 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 1,500 ብር፤ ለሁለቱ ዓመት 3,000 ብር። ምክንያቱ የሠራተኛ ቅነሳ ወይም የድርጅቱ ለዘለቄታው መዘጋት ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፣ 9,000 ብር። ድምሩ 16,500 ብር ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ብዙ ልጆች የመጨረሻ ወር ደመወዛቸውን ብቻ ፈርመው ይወጣሉ፤ የሚፈርሙበት ወረቀት ላይ «ሌላ ምንም የምጠይቀው ክፍያ የለኝም» የሚል መስመር እንዳለ አያዩም። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ካልተስማማችሁ መጀመሪያ በከተማው ወይም በወረዳው ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ አነጋግሩ። ፍርድ ቤት ለመሄድ ሠራተኛ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ግን ቀን አለው፦ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። «ይጠሩን ይሆናል» እየተባለ የሚያልፈው ይኸው ቀን ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ውሰዱ። በአዋጁ መሠረት አሠሪው የሠራችሁትን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ድርጅቱ ተዘግቶ ማኅተም የያዘው ሰው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ማግኘት መከራ ነው።

ደብዳቤው ሲሰጣችሁ ቆማችሁ አንብቡት። «ከ2012 እስከ 2015» ብቻ የሚል ከሆነ መልሱት፤ ቀንና ወር የሌለበት ልምድ ሲቆጠር መዝጋቢው ወደ ታች ነው የሚያወርደው፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይዘውም። የሥራ መደቡ «ሠራተኛ» ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ ለየትኛውም ማስታወቂያ አግባብ ያለው ልምድ አይሆንላችሁም፤ «የመጋዘን ሠራተኛ»፣ «የጥራት ተቆጣጣሪ» ተብሎ መዘርዘር አለበት። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይኑረው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያለዚያ አይቀበሉም። ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ማኅተም። ማኅተሙ ፊርማውን ነክቶ በግልጽ የሚነበብ ይሁን፤ የደበዘዘ ማኅተም ፎቶ ኮፒ ላይ ጨርሶ ይጠፋል።

አሁን ወደ ፋይሉ። ከሁሉ የሚያስቸግረው የስም ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ላይ «ገ/ጻድቅ»፣ ዲግሪው ላይ «ገብረጻድቅ»፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛው ፊደል ሌላ አጻጻፍ፤ ይህ በእኛ አካባቢ ስሞች ላይ የተለመደ ነው። ሁሉንም ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ከሆነ ሰነዱን የሰጠውን ተቋም ጠይቁ፤ የአያት ስም እስከመለየት የደረሰ ከሆነ ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራ ስለሚችል ማስታወቂያ ሳይወጣ አሁኑኑ ጀምሩት። የልደት ቀንም እንደዚሁ፤ አንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሞላ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ ቴምፖራሪውን፣ ስቱደንት ኮፒውንና፣ ከ2015 ጀምሮ የተመረቃችሁ ከሆነ፣ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁን አንድ ላይ ያዙ። የወጪ መጋራት ያልከፈለ ምሩቅ ዋናው ዲግሪ አይለቀቅለትም፤ በቴምፖራሪ መመዝገብ የሚቻልበት ቦታ ግን ብዙ ነው፣ ማስታወቂያው ካልከለከለ ሂዱ። የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ ያለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ባይሄድ ይሻላል፤ ከበር ይመለሳል። ከሁሉም 4 ስብስብ ፎቶ ኮፒ ይኑራችሁ። አንዱን ስብስብ ደብረ ብርሃን ላለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ስጡ፤ «በአካል ወይም በወኪል» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ከሞላሌ ወይም ከእነዋሪ መነሳት ሳያስፈልግ እሱ ያስመዘግባችኋል። ኦርጅናል ማየት የሚፈልጉ ስላሉ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። የሁሉንም ግልጽ ፎቶ በስልካችሁ በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉና በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልኩ ቢጠፋ ፋይሉ ይቀመጣል።

ማስታወቂያ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ረቡዕ በጋዜጣ የወጣ አንድ ማስታወቂያ «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለተከታታይ 7 የሥራ ቀናት» ይላል እንበል። ቅዳሜና እሁድ በማይሠራ መሥሪያ ቤት ረቡዕ አንድ ብሎ ሲቆጠር የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። «ሥራ» የሚለው ቃል ከሌለና «7 ተከታታይ ቀናት» ብቻ ካለ ማክሰኞ ያበቃል። በመሐል በዓል ካለ የሥራ ቀኑ አንድ ይገፋል። «ከወጣበት ማግሥት ጀምሮ» ካለም እንደዚያው። ሐሙስ ነው ብሎ ረቡዕ የሚመጣ ሰው በር ተዘግቶ የሚያገኘው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ምንጊዜም አጭሩን ቆጠራ ያዙ።

ቀጥሎ የትምህርት መስኩን እዩ። «አካውንቲንግ» ብቻ ካለ የባንኪንግ ወይም የማኔጅመንት ምሩቅ አይያዝም፤ «ወይም ተዛማጅ» ካለ ግን ተመዝገቡ። የልምድ መስመሩ ላይ «ከምረቃ በኋላ» የሚል ካለ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የሠራችሁት ዓመት ለዲግሪ አይቆጠርም። «0 ዓመት» የሚሉት ለአዲስ ምሩቃን ናቸው፤ ተመዝጋቢው የሚጎርፈውም እዚያ ላይ ነው። ለፋይል ማቀበያ ሥራ የ2 ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ግን ያሳዝኑኛል፤ ልጁ ልምዱን ከየት ያመጣል?

ማስታወቂያውን ከአንድ ቦታ ብቻ አትጠብቁ። የፌዴራልና የትልልቅ ድርጅቶች በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን፣ የክልሉ በበኩር ጋዜጣ ይወጣሉ፤ የወረዳዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከግቢው ሰሌዳ አያልፉም። በቀበሌ በሥራ ፈላጊነት መመዝገብም አይቅር፤ ፋብሪካዎች ብዙ ሠራተኛ ሲፈልጉ ስም ዝርዝር የሚጠይቁት ከዚያ ነው።

ዋስ። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ጥበቃ፣ ሹፌር፣ አሁን አሁን የሱቅ ሽያጭም ሳይቀር ተያዥ ይጠየቃል። ብዙ ቦታ የሚቀበሉት ቋሚ ሥራ ያለውና ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መጠኑንና ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው ነው፤ አለዚያ የቤት ካርታ ወይም ሊብሬ ያስይዛሉ። ከገጠር ለመጣ ልጅ ይህ ከፈተናው የከበደ ነው፤ ፈተና አልፎ በዋስ ምክንያት ቦታው ለተጠባባቂ የተሰጠበት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዋሱን የምትለምኑት ካለፋችሁ በኋላ ሳይሆን ስትመዘገቡ ይሁን።

አጎታችሁ ወይም የአባታችሁ ጓደኛ የሚፈራው «ያለኝን ሁሉ ቢወስዱብኝስ?» ብሎ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 የሚለውን ንገሩት፦ ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ፎርሙ ላይ የብር መጠኑ ባዶ ከሆነ ሳይሞላ እንዳይፈርም፣ አንድ ቅጂም እንዲይዝ አድርጉ። «ጋሼ፣ እስከ ይህን ያህል ብር ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ይኸው» ብሎ የሚለምን ልጅና በደፈናው «ዋስ ሁነኝ» የሚል ልጅ የሚያገኙት መልስ የተለያየ ነው።

ለመመዝገብ፣ ለፎርም ወይም «ስምህን ከፊት ለማድረግ» ገንዘብ አትክፈሉ። በዚያው አዋጅ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል ነው የሚሠራው። በቴሌግራም ቻናል የታወቀ ድርጅት ስምና አርማ ለጥፎ «የምዝገባ በቴሌብር ላኩ» የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። ድርጅቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ካለ በሩ ላይ ሄዳችሁ ጥበቃውን ብትጠይቁ እንኳ እውነቱን ታገኛላችሁ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ስልክ ይደወልልኛል ብላችሁ አትቀመጡ። «የፈተና ቀን በውስጥ ማስታወቂያ ይገለጻል» ማለት ግቢው ውስጥ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ማለት ነው፤ አይደውሉም። አምስት ስድስት ሆናችሁ የተመዘገባችሁ ተደራጁና ሰሌዳውን በተራ እያያችሁ ፎቶውን ተላላኩ። ፈተናው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከመንዝ በዚያው ዕለት ተነስቶ መድረስ የማይታሰብ ነው፤ የጣርማ በር ጉም ብቻውን መኪና ያዘገያል። ዋዜማውን ግቡ። መታወቂያ ካልያዛችሁ አዳራሽ አያስገቧችሁም።

ስትቀጠሩ ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ መደረጉንም አረጋግጡ። የመጀመሪያው ደመወዝ ደግሞ ፔሮል ከተዘጋ በኋላ ከገባችሁ እስከ ሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሊቆይ ይችላል፤ የቤት ኪራዩ ቅድሚያና የዚያ ጊዜ ቀለብ ከየት እንደሚመጣ ሥራው ሳይጀመር ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት።