ሰሙ ያልሸፈነው ቦታ

በአሲድ በተቀረጸ አሮጌ ብርጭቆ ላይ ጌጡ ያለው ቆዳው ላይ ብቻ ነው። አለያየቱም፣ አስተጣጠቡም፣ አበለሻሸቱም ከዚህ ይመነጫል።

ሁለት የአሜሪካ ብርጭቆ ፋብሪካዎች፣ የኦሃዮው ካምብሪጅ እና በዌስት ቨርጂኒያ ማውንድስቪል የነበረው ፎስቶሪያ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የሠሩትን ስመለከት ከሁሉ የሚገርመኝ ወረቀቱ ነው። ንድፉ የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ሰም የገባበት ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በስስ ወረቀት ታትሞ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱ ሲላጥ ቀለሙ ይቀራል፤ የአበባው ቅርጽ ግን ባዶ ነው። ሌላው ገላ ሁሉ በሰም ተሸፍኖ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ሰም ያልሸፈነውን ብቻ ይበላል። ሙቅ ውሃ ሰሙን ሲገፈው ወርቁ ብቅ ይላል፣ እንደ ቅኔው። ይህ አሲድ ቆዳን ዘልቆ አጥንት ስለሚደርስ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

የወረቀቱ ጫፍና ጫፍ በትክክል ካልገጠመ መጋጠሚያው ላይ የተቆረጠ ቅጠል ይታያል። እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ እጅ እንደለጠፈው ይመሰክራል። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ ካለው በአሲድ ሳይሆን በሚሽከረከር ድንጋይ የተቆረጠ ነው። ጌጡ ከፍ ብሎ ከተዳሰሰ ከቅርጽ ማውጫው የመጣ ነው። ዙሪያውን የሚደጋገም ቀለበትና ጥምዝ መስመር ደግሞ ሰሙን በመርፌ የሚጭር ማሽን ሥራ ነው። ፎስቶሪያ በአብዛኛው የወረቀት ምልክት ይለጥፍ ስለነበር ምልክቱ ታጥቦ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የብርጭቆውን ቀጭን እግር አሠራርና ንድፉን አብሮ ማየት ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አሮጌ ብርጭቆን በሚያለብሰው ጭጋግ ነው። እርጥብ ወይም ዘይት የተቀባ ብርጭቆ ጭጋጉን ይደብቃል፤ በሳሙና ታጥቦ ሳይደርቅ አይገዛም። ጭጋጉ ውሃ የተወው ኖራ ከሆነ ጥቂት ሰዓት አቸቶ ውስጥ ሲቆይ ይለቃል፤ የወርቅ ጠርዝ ላለው ግን አቸቶ አይሆንም። ካልለቀቀ፣ ብዙውን ጊዜ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሙቀትና ጠንካራ ሳሙና ቆዳውን በልቶታል፤ ያ አይመለስም።

ለማጠብ፦ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ከታች ፎጣ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ በአንድ። ሲያዝ ከሆዱ እንጂ ከእግሩ አይደለም፤ ሲጠመዘዝ የሚሰበረው እዚያው ነው። ንድፉ ውስጥ ለገባ ቆሻሻ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ሲቀመጥ አፉ ወደ ላይ ይሁን፤ ስሱ ጠርዝ ክብደት አይችልም።

በመጨረሻ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ፣ ከጎኑ መብራት አድርጉ። ደህናው ንድፍ እኩል ደብዛዛ ነው። ጣት አዘውትሮ ያረፈበት ቦታ ላይ ቅጠሎቹ ተልገው ያብረቀርቃሉ።