ሃያ ስምንት ነጥብ

ደሴ ውስጥ የምሠራበት ቢሮ በየዓመቱ የአጭር ልብወለድ ውድድር ያዘጋጃል። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ድርሰቶቹን እቀበላለሁ፣ ስም አጥፍቼ ኮድ እሰጣለሁ፣ መጨረሻ ላይ የዳኞቹን ነጥብ እደምራለሁ። ዳኝነቱ ውስጥ እጄ የለበትም። ጥፋት ቢገኝም እኔ ጋ አይደርስም ብዬ ተኝቼ አድር ነበር።

ስም በመደበቅ ማንም አይስተካከለኝም። አንዱ ተወዳዳሪ የመጨረሻው ገጽ ላይ ድርሰቱን ለአባቱ ለመምህር እገሌ መታሰቢያ አድርጎት አገኘሁ። ያቺን መስመር በወረቀት ሸፍኜ እንደገና ፎቶ ኮፒ አደረግኋት። ደሴ ሰፊ ከተማ ብትሆንም መምህር እገሌን የማያውቅ የለማ!

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ አንዲት ጋዜጠኛና አንድ የቲያትር ሰው። መምህሩን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ድርሰቶቹን ቤታቸው ወስደው አነበቡ፣ ነጥቡን በፖስታ አሽገው ላኩልኝ። ኤክሴል ላይ አስገባሁ፣ ደመርኩ፣ ሰርተፍኬት ታተመ። ኮድ 14 አንደኛ ወጥቶ ላፕቶፕ ተሸለመ። ኮድ 31 ሁለተኛ ወጣች። ከወረኢሉ የመጣች ልጅ ናት። መጻሕፍት ተሰጣት። ተጨበጨበ።

ከሽልማቱ በኋላ ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ጋዜጠኛዋ፣ «የእኔ አንደኛ እኮ 31 ነበረች» አለች። የቲያትሩ ሰው ስኒውን አስቀመጠ። «የእኔም።»

ጋሼ ሁለቱንም በየተራ አዩአቸው። «እኔ 14ን ነበር ያልኩ። እናንተም የተስማማችሁ መስሎኝ!»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቡናው አላወርድ አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጋሼ ለ14 የሰጡት 95፣ ለ31 ደግሞ 55 ነው። ጋዜጠኛዋ ለ14 70፣ ለ31 76። የቲያትሩ ሰው 71 እና 77። ድምር 236 ለ208። በካልኩሌተር ሁለቴ ሞከርኩት፤ ስህተት የለም። ከሦስት ዳኛ ሁለቱ የመረጧት ልጅ በ28 ነጥብ ተሸንፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ዳኞች እጃቸው ቁጥብ ነው፤ የወደዱትንም ያልወደዱትንም ከ70 እስከ 80 ውስጥ ያስቀምጣሉ። ጋሼ ግን መቶውን እንደ መቶ ተጠቀሙበት። ነጥቡን አራርቆ የሚሰጥ ሰው፣ ሳያስበው የሁለት ሰው ድምፅ ይኖረዋል። ጋሼ ላይ አልፈርድም። 70 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቀድመን አልነገርናቸውም።

የ55ቱን ምክንያት ሳይ ግን ትንሽ ተናደድኩ። የልጅቷ ገጸ ባሕርያት እንደ ወረኢሉ ሰው ነው የሚያወሩት። ጋሼ ያንን የሰዋስው ግድፈት ብለው በቀይ አስምረውበት፣ ለቋንቋ ከተመደበው 30 ነጥብ ውስጥ 10 ብቻ ሰጥተዋል። ወሎ ላይ ተቀምጦ ወሎዬ አማርኛን ማረም! አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኝተው ቢሆን ጋዜጠኛዋ አትለቃቸውም ነበር። እኛ ግን ፖስታ ነው ያገናኘነው።

ትልልቆቹ ሽልማቶች ዘንድ ዳኞች ይነጋገራሉ። የእንግሊዙ ቡከር አምስት ዳኞች አሉት፤ ተከራክረው ነው የሚወስኑት። እ.ኤ.አ. በ2019 አልስማማ ብለው፣ ደንቡ እየከለከለ ለሁለት ደራሲዎች አካፈሉት። የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን ለማግኘት ደግሞ ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋል። እዚያስ ጸሐፊው ዕድለኛ ነው፤ ማን እንደተጠቆመ እንኳ 50 ዓመት ተቆልፎበት ይቆያል። የእኔ ምስጢር አንድ ስኒ ቡና አልቆየም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ደንቡ ድምር ነው የሚለው። ደግሞ ተጨብጭቦለታል» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው፤ ከልጁ ላይ ላፕቶፕ አይቀማም።

በዓመቱ ደንቡን አሻሻልን። ዳኞች መጀመሪያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ደረጃ ያስቀምጣሉ። ነጥባቸው ከ15 በላይ ከተራራቀ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ስብሰባው አሁን ግማሽ ቀን ይፈጃል። አቦሉ ጨምሯል፣ አበሉ ግን ያው ነው።

ልጅቷ በሽልማቱ ሳምንት ደውላልኝ ነበር።

«በስንት ነጥብ ነው ያነስኩት?»

«በሃያ ስምንት።»

ትንሽ ዝም አለች። «ኧረ ብዙ ነው! ገና ነኝ ማለት ነው።»

አፌ ላይ መጣ፣ መልሼ ዋጥኩት። ዝም ስላት ያዘንኩላት መሰላት መሰለኝ።

«አብሽር» አለችኝ፣ «ለዓመት ደግሞ አሻሽዬ እልካለሁ።»