ሞላም መቆለፊያም የሌላት ሰንጢ፦ ከሂጎኖካሚ ጋር የቆየሁበት ልምድ

በእጅ የሚሠሩ ሰንጢዎችን ማጥናት ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉም ይልቅ የማረከችኝ ሂጎኖካሚ የምትባለው የጃፓን ሰንጢ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብቅ ያለችው፣ በሂዮጎ ግዛት በቀጥቃጮቿ በታወቀችው በሚኪ ከተማ ነው። በአንድ ወቅት የጃፓን ተማሪዎች እርሳስ የሚቀርጹባት የዘወትር ዕቃ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢነጂሮ አሳኑማ በአንድ ወጣት በስለት ከተገደሉ በኋላ ግን ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚጠይቀው ዘመቻ በረታ፣ የእርሳስ መቅረጫውም ተስፋፋ። ዛሬ በስሟ የሚሠራት የናጋኦ ካኔኮማ ቤት ብቻ ነው።

አሠራሯ አንድ ስለት፣ ከታጠፈ የናስ ቆርቆሮ የተበጀ እጀታና ሁለቱን የሚያያይዝ ችንካር ነው። ሞላ ስለሌላት የተከፈተውን ስለት በቦታው የሚያቆየው የችንካሩ ጥብቀትና ከስለቱ ጀርባ ወጣ ያለችውን ምላስ የሚጫነው አውራ ጣት ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እኔ ግን ቆራጩ አያያዙን ሳያስብ እንዳይቆርጥ ስለምታስገድደው ዋናው ውበቷ ይኸው ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስደስተው ስለቷን መሳል ነው። በተሻሉት ሰንጢዎች ላይ ጠንካራው አረብ ብረት በለስላሳ ብረት መካከል ገብቶ በእሳትና በመዶሻ ስለሚዋሃድ፣ ጠንካራው ስለቱን ሲይዝ ለስላሳው እንዳይሰበር ይደግፈዋል። በውኃ በራሰ ድንጋይ፣ መጀመሪያ በ1000 ቁጥር ቀጥሎም በ6000 (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል) ሲሳል፣ ደብዘዝ ያለው ለስላሳ ብረትና መስታወት የመሰለው ጠንካራው በጥርት ባለ መስመር ይለያሉ። ጎኖቿ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ድንጋዩ ላይ ሲያርፉ ማዕዘኑን ራሳቸው ያሳያሉ፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከብዙ የወጥ ቤት ቢላዎች ይልቅ ትቀላለች።

ሎሚ ወይም ሽንኩርት ከቆረጠች በኋላ ስለቷ ይጠቁራል። ይህን ጥቁረት መፋቅ አያስፈልግም፤ ቀዩን ዝገት ለመከላከል ግን አጥቦ ማድረቅና ዘይት በስሱ መቀባት ግድ ነው። ችንካሩ ሲላላ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፎ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ይበቃል፤ ከመጠን ካለፈ ስለቷ አልከፈት ትላለች።

አሁን የምለማመደው ከ6000ው ድንጋይ በኋላ ስለቷን በቆዳ ላይ ወደ ጀርባዋ እየጎተቱ ማለስለስን ነው። ለእርሳስና ለእንጨት ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ለካርቶን ግን ድካሙ አያዋጣም።