ምናሴ ተመለሰ፣ ልጁስ?

ንስሐ ሲነሳ ሁሌ የሚጠቀሰው ዳዊት ነው፣ እኔን ግን ከነገሥታቱ ሁሉ የሚከነክነኝ የይሁዳው ንጉሥ ምናሴ ነው። አባቱ ሕዝቅያስ ጣዖት ሲያፈርስ የኖረ ሰው፣ ልጁ በ12 ዓመቱ ነገሠና አባቱ ያፈረሰውን አንድ በአንድ መልሶ ሰራው። የበኣል መሠዊያ በሉት፣ ጥንቆላ በሉት፣ ልጆቹን በእሳት ማሳለፍ በሉት፣ የተቀረጸ ምስል ሳይቀር እግዚአብሔር ቤት ውስጥ አቁሟል። ኢየሩሳሌምን ከዳር እስከ ዳር በንጹሕ ደም ሞላት ይላል መጽሐፉ። ነቢዩ ኢሳይያስን በመጋዝ ያሰነጠቀውም እሱ ነው የሚል ትውፊት አለ (ይሄን የሚተርከው ጥንታዊ መጽሐፍ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ፖስት ይወጣዋል)።

ከዛ የአሦር አለቆች መጥተው በሰንሰለት አስረው ባቢሎን ወሰዱት፣ እዛ ሲጨንቀው ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማውና ወደ ዙፋኑ መለሰው። በቃ፣ እንዲህ ያለው ሰው ምሕረት ካገኘ ማን ይቀራል?

ችግሩ ይሄንን ሰምተን የምንሰራው ሂሳብ ላይ ነው። ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሀረጎን እየወረድን አንድ ልጅ ለጓደኛው "ባክህ ንስሐ ሳረጅ ይደርሳል፣ ምናሴም ምሕረት አግኝቷል" ይለዋል። ከፊት የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ዞር ብለው "ለእርጅናህ ቀብድ ከፍለሃል እንዴ የኔ ጌታ?" አሉት፣ መኪናው በሙሉ ሳቀ፣ ረዳቱ ሂሳብ መቀበሉን ረስቶ ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የታሰበኝ። ምናሴ ሲመለስ አልቅሶ አልተቀመጠም፣ ጣዖቶቹን ከከተማ ውጪ ጣለ፣ መሠዊያውን አደሰ፣ የምስጋና መሥዋዕት አቀረበ፣ ሕዝቡንም እግዚአብሔርን አምልኩ አለ። ግን ልጁ አሞን በ22 ዓመቱ ሲነግሥ አባቱ ለሰራቸው ምስሎች ሠዋ፣ 2 ዓመት ገዝቶ የገዛ አሽከሮቹ ቤቱ ውስጥ ገደሉት። አባትየው በኋላ የተናገረውን ሳይሆን 55 ዓመት ከነገሠበት ዘመን አብዛኛውን ያደረገውን ነዋ ያየው፣ ቢያንስ እኔ እንደዛ ነው የሚመስለኝ።

ፒያሳ አካባቢ የማውቃቸው አንድ ሰውዬ አሉ፣ መጠጥ እርግፍ አድርገው ትተው አሁን የጠዋት የኪዳን ጸሎት የማያመልጣቸው። ልጃቸው ግን እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ግሮሰሪ፣ እዛው ጥግ ወንበር ላይ ነው የሚያመሸው። ማታ ማታ ሄደው በር ላይ ቆመው ይጠሩታል፣ አንዳንዴ ይወጣል አንዳንዴ "አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ" ብሎ ይመልሳቸዋል። ንስሐቸው ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ ግን እጣላዋለሁ!

ስብከት ላይ ምናሴ ሲነሳ ከሰንሰለቱ ወደ ምሕረቱ ተኬዶ እልል ይባልና ያበቃል። 2ኛ ዜና መዋዕል 33 ግን 25 ቁጥር አለው፣ ሰባኪዎቻችን እባካችሁ እስከ አሞን አድርሱን።